ከፋዩ ቢጠፋ ሐቁ ይጠፋልን?

  

ውድ አንባብያን፣ ቋጥኝ ተንከባሎ ዋሻ ስለዘጋባቸው ሦስት ሰዎች የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ሦስቱም ለአላህ ብለው የሠሩትን መልካም ሥራ እየጠቀሱ ዱዓ አደረጉ። አንደኛው ለወላጆቹ የዋለውን ውለታ፣ ሌላው አላህን ፈርቶ ከዝሙት መመለሱን አነሱ። ሦስተኛው አሠሪ ነበር። ሠራተኞች ቀጥሮ ለሁሉም ከፈለ፤ አንዱ ግን ድርሻውን ሳይወስድ ሄደ። አሠሪው ያችን ጥቂት እህል አልበላትም። አለማት፤ እህሉ ከብት ሆነ፣ ከብቱ መንጋ ሆነ፣ መንጋው እረኛ አስፈለገው። ከዓመታት በኋላ ሠራተኛው ብቅ ብሎ ሐቁን ሲጠይቅ፣ የምታየው ሁሉ የአንተ ነው አለው። ሰውየው የሚቀለድበት መስሎት ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ሲረዳ ሁሉንም ነድቶ ሄደ፤ አንዲት እንኳ አላስቀረም። በዚህ ሥራ ሰበብ ቋጥኙ ከዋሻው አፍ ተነሳ።

ይህ ሐዲስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ኢኽላስ ሲወራ ነው። ዛሬ በሌላ በኩል እንየው። በታሪኩ ውስጥ የጠፋው ሠራተኛው ነው። አሠሪው ባለበት ቆይቶ ሒሳቡን ጠብቋል። በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጧል። ሠራተኛው ደረቱን ይዞ እያሳለ ቤቱ ተቀምጧል፤ የጠፋው አሠሪው ነው። ድርጅቱ ተሽጧል፣ ስሙ ተቀይሯል፣ ኃላፊዎቹ ተበትነዋል፣ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ከፋዩ ሲጠፋ ሐቁም አብሮ ይጠፋልን?

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። ከሐዋሳ ተነስቶ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፈው በአገራችን የታወቀ የወርቅ ምድር ላይ ነው። የአዶላ ወርቅ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲቆፈር ኖሯል። በንጉሡ ዘመን ተቆፈረ፤ በደርግ ዘመን በመንግሥት ድርጅት ተቆፈረ፤ የለገደንቢ ማምረቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ከዚያው አካባቢ ያለው የቀንጢቻ ታንታለምም ለዓመታት በመንግሥት ድርጅት ሲመረት ቆይቷል። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ባለቤት ይለዋወጣል፣ ማኅተም ይለዋወጣል። የማይለወጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ድንጋይ ሲፈለጥ የሚነሳው አቧራ ነው።

ወርቅን በጉያው የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ሲቦረቦር፣ ሲፈነዳና ሲፈጭ ሲሊካ የተባለ እጅግ የላመ ዱቄት ይወጣል። ዓይን የማያየው ክፍሉ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሳንባው ጠባሳ ያበጃል፣ ጠባሳው ይሰፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሰው በአቧራው ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠራ በኋላ ነው። ሥራውን ካቆመም በኋላ በሽታው ሊቀጥል ይችላል።

የአስቤስቶስ በሽታ ከዚህም የዘገየ ነው። አስቤስቶስ እሳት የማይበላው ክር መሰል ማዕድን ነው። ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት ለጣሪያ ክዳን፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለፍሬን ሸራና ለፍሪሲዮን ዲስክ ሲሠራበት ኖሯል። ክሩ ሳንባ ውስጥ ከገባ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር ሰው ለአቧራው ከተጋለጠ ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሙሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸውን አስታውቋል፤ በሥራ ቦታ በአስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው እንደሚሞትም ይገምታል። በነገሌ፣ በሞያሌና በዶሎ መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች አንድ ልጅ የጭነት መኪና ጎማ ፈትቶ፣ የፍሬኑን ከበሮ አውጥቶ፣ አቧራውን በአፉ ወይም በኮምፕሬሰር እፍ ሲል ያላየ ማን ነው? ያ ልጅ አቧራው ከምን እንደተሠራ የነገረው የለም።

እስቲ አንድ ሰው በሐሳባችን እንሳል። በወጣትነቱ በአንድ የማዕድን ቦታ ዓለት ሲቦረቡር ኖረ። ከዚያ ወጥቶ ነገሌ ገበያ አጠገብ ሱቅ ከፈተ። በ50 ዓመቱ ማሳል ጀመረ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠው። እንዲህ መባሉ አያስገርምም። በራጅ ሁለቱ በሽታዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ሲሊካ የገባበት ሳንባም በነቀርሳ ለመያዝ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ምን ሥራ ትሠራ ነበር ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ስላልተጠየቀ በካርዱ ላይ አልተጻፈም። በካርዱ ላይ ስላልተጻፈ በሕግ ፊት የለም። ይህ ሰው ሐቁን ያጣው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይሆን ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።

በሕጋችን በኩል ስንመጣ፣ በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲደርስበት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። ድርጅት ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢቀላቀል የሥራ ውሉ እንደማይለወጥም ይናገራል። ይህን ሁሉ አንብቦ ተመስገን የማይል የለም።

ችግሩ ከወረቀቱ ወደ ሰውየው ሲወረድ ይመጣል። አንደኛ፣ ሕጉ በአካባቢው የሚገኙ ነዋሪና ተላላፊ በሽታዎችን ከሥራ በሽታ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ነቀርሳ ተብሎ የተጻፈለት ሰው በራሱ ካርድ ይረታል። ሁለተኛ፣ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ የይርጋ ጊዜው በመርሁ አንድ ዓመት ነው። ጊዜው የሚቆጠረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ ቢሆንም፣ 20 ዓመት ተደብቆ ለሚወጣ በሽታ ያ ቀን መቼ ነው ብሎ መከራከር ጠበቃ ይጠይቃል፤ ጠበቃ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በቀን ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ውሉን የት ያመጣል? የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚሸፍን የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን በጡረታ መዝገብ አይገኝም።

አራተኛው የመድን ጉዳይ ነው። አሠሪ ለሠራተኛው የመድን ዋስትና ገብቶ ሊሆን ይችላል። ውሉ ግን በአሠሪውና በመድን ድርጅቱ መካከል ነው። ሠራተኛው ቁጥሩንም የድርጅቱንም ስም አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 13 የግል መድን ድርጅቶችን ወርሶ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ጠቀለላቸው። የግል መድን እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የሠራ ሰው ዛሬ ቢታመም አሠሪውን ብቻ ሳይሆን የአሠሪውን ዋስ ጭምር በሦስት መንግሥታት መዛግብት ውስጥ ሊፈልግ ነው። ደህና ሰው እንኳ የሚደክምበት ፍለጋ ነው፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው እንዴት ይሆናል?

ከማዕድኑ ጊቢ ውጭ ያለውም ሰው አለ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት የሻኪሶና የአካባቢዋ ነዋሪ የማምረቻው ኬሚካል ጤናችንን ጎዳ፣ ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ ብሎ አደባባይ ወጣ። መንግሥትም የለገደንቢን ፈቃድ አገደ። ድርጅቱ በበኩሉ ክሱን ሲቃወም ቆይቷል። ሥራው በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የአካባቢው ብክለት ለረጅም ጊዜ ችላ መባሉን አመለከተ። ማን ምን ያህል ኃላፊ ነው የሚለውን ለዳኛና ለሐኪም እንተወው። እኛ የምናነሳው ሌላ ነው። ያ ነዋሪ የማንም ሠራተኛ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከተውም፤ ጡረታም መድንም የለውም። የእሱ ሐቅ ከማን እጅ ይጠየቅ?

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። በብሪታንያ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሠሪ ሁሉ ለሠራተኞቹ የመድን ዋስትና እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል። ሆኖም በአስቤስቶስ ሜሶቴሊዮማ የያዛቸው ብዙ ሽማግሌዎች ካሣ ሊጠይቁ ሲሄዱ ድርጅታቸው ፈርሶ፣ የዋስትናው ወረቀት ጠፍቶ አገኙት። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ፣ አሠሪውም ሆነ መድን ሰጪው ላልተገኘ የሜሶቴሊዮማ በሽተኛ የሚከፍል ሥርዓት ቆመ። ገንዘቡ የሚወጣው ዛሬ በሥራ ላይ ካሉ መድን ሰጪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ሥርዓቱ ጉድለት አለበት፤ ሌላው የአስቤስቶስ በሽታ የያዘው ሰው በእሱ አይካተትም። መርሁ ግን ግልጽ ነው፤ ዋሱ ቢጠፋ የሙያ ጓዶቹ ይክፈሉ የሚል ነው።

በደቡብ አፍሪካም የወርቅ ቆፋሪዎች በሲሊኮሲስ ምክንያት ከሰሱ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት 6 የማዕድን ኩባንያዎች ወደ 5 ቢሊዮን ራንድ የሚደርስ ካሣ ለመክፈል ተስማሙ፤ ክፍያውን የሚያስፈጽም ፂያሚሶ የተባለ ተቋምም ተመሠረተ። ስምምነቱ ከመጋቢት 1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠሩትን ያካትታል። በሌሶቶና በሞዛምቢክ መንደሮች የተበተኑ የቀድሞ ቆፋሪዎችም ይገቡበታል። ከ50 ዓመት በፊት ጉድጓድ የወረደ ሰው ተፈልጎ ካሣ ሊከፈለው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አይቻልም የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ፈረንጅ በ2014 የደረሰበት መርህ ለእኛ እንግዳ ነውን? ዐብደላህ ኢብኑ ሰህል የተባሉ ሶሓባ በኸይበር ተገድለው ተገኙ። ገዳዩ አልታወቀም። ቤተሰቦቻቸው ማሉ ሲባሉ ያላየነውን እንዴት እንምላለን አሉ። የኸይበር ሰዎች መሐላ ይቀበሉ ሲባሉም አልተቀበሉም። በሰው ዳኝነት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ማስረጃ የለም፣ ተከሳሽ የለም፣ ከፋይ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የዚያ ሰው ደም ባክኖ እንዲቀር አልወደዱም። 100 ግመል ራሳቸው ከፈሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

የባለ ዕዳውን ጀናዛም አስታውሱ። አንድ ሰው ዕዳ ሳይከፍል ሞቶ ሲቀርብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለመስገድ አልፈለጉም፤ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ ወስጃለሁ ካሉ በኋላ ነው የሰገዱት። በኋላ አላህ ሀብቱን ሲከፍትላቸው፣ ገንዘብ ትቶ የሞተ ገንዘቡ ለወራሾቹ መሆኑን፣ ዕዳ ትቶ የሞተ ግን ዕዳው በእሳቸው ላይ መሆኑን አስታወቁ። የሕዝብ ግምጃ ቤት ከፋይ ለጠፋበት ሐቅ ዋስ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በስህተት ሰው የገደለ ሰው ዲያም ለብቻው አልተጫነም። ዓቂላው፣ ማለትም ጎሣው፣ በሦስት ዓመት ከፍሎ እንዲጨርስ ተደረገ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ደግሞ በአንድ የሠራዊት መዝገብ የተጻፉትን አንዱ ለሌላው ዓቂላ አደረጓቸው። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንትም በዚህ ሄደዋል። በሌላ አነጋገር ዋስትናው ከደም ዝምድና ወደ ሥራ ባልደረባነት ተሻገረ። የማዕድን ኩባንያዎች በጋራ፣ የመድን ድርጅቶች በጋራ ላልተገኘው ባልደረባቸው ይክፈሉ ስንል የዑመርን ዳና መከተላችን ነው።

የደቡቡ ቆላ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ጉጂውና ቦረናው ጉማ ይለዋል፤ ሶማሌው መግ ይለዋል። ደም ከፈሰሰ ጎሣ ያዋጣል፤ ገዳዩ ደሃ ነው ወይም ሸሽቷል ተብሎ የሟች ቤት ባዶውን አይቀርም። ለጦር ቁስል ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለአቧራ ቁስል ምነው ዝም አልን? አቧራ ድምፅ ስለሌለው ነውን? ገዳዩ 20 ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ ነውን? ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ሥራ ነው፤ እኛ የምንለው ዑለማዎቻችን ይህን ጉዳይ ይያዙት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። መንግሥትንና ኩባንያን መውቀስ ቀላል ነው። ጋራዡ የማን ነው? የጭነት መኪናው የማን ነው? ለቆፋሪው ስንቅና አካፋ ሰጥቶ ወርቁን የሚገዛው ማን ነው? ከነዚህ ብዙዎቹ በጁምዓ የፊተኛው ሶፍ ላይ የምናያቸው ወንድሞቻችን ናቸው። በአዲስ አበባ ያለነውም ለኒካህ መህር የምንቆጥረው ወርቅ ከየትኛው ጉድጓድ በማን ሳንባ እንደወጣ ጠይቀን አናውቅም። ነጋዴው ኒሷቡን 85 ግራም ወርቅ ብሎ አስልቶ 2.5 በመቶውን ዘካ ያወጣል። አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ዘካ የሠራተኛን ሐቅ አያጥብም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ እንዲከፈል አዟል። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ እንደሆነ በቡኻሪ ሐዲስ ቁድሲ ተነግሮናል። የተበላ ደመወዝ ይህን ያህል ካስጠየቀ የተበላ ሳንባ ምን ያስጠይቅ ይሆን?

አንዳንዱ አሠሪ ኢንሹራንስ ሐራም ነው ይልና ለሠራተኛው ዋስትና አይገባም። ዑለማዎች በመደበኛው መድን ላይ ያላቸው ጥያቄ የታወቀ ነው። ግን ከሐራም የሸሸው ሰው ለሠራተኛው ምን አስቀመጠለት? ምንም ካላስቀመጠ የሸሸው ከወጪ ነው። ዛሬ ሰበቡም ጠቧል፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ለተካፉል የመድን ሥራ መመሪያ አውጥቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያው ነገር መጻፍ ነው። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 282 ላይ ያለው ረጅሙ የቁርአን አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ከጊዜው ጋር ለመጻፍ እንዳንታክት፣ ምስክርም እንድናቆም አዘናል። ሠራተኛ የሆንህ ወንድሜ፣ የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ወረቀት አሠሪህ በነፃ ሊሰጥህ በአዋጁ ግዴታ አለበት። ከሥራ ስትወጣ ብቻ ሳይሆን በጠየቅኸው ጊዜ ሁሉ ልትወስደው ትችላለህ። የጽሑፍ ውል ባይኖርህም መብትህ አይጠፋም። ወረቀቱን ዛሬ ጤነኛ ሳለህ ውሰድ፤ ከመታወቂያህ ጋር አስቀምጥ። ሐኪም ቤት ስትሄድ ሳትጠየቅ፣ እዚህ ቦታ ይህን ያህል ዓመት ድንጋይ ፈልጫለሁ ብለህ ተናገር፤ በካርድህ ላይም አስጽፍ።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ሥራ አላቸው። በነገሌ፣ በሻኪሶ፣ በክብረ መንግሥት አብረው የሠሩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ማሽን ላይ እንደሠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ጥራዝ ደብተር ተገዝቶ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል፣ ምስክርነታቸው በፊርማ ይመዝገብ። ሽማግሌ በሞተ ቁጥር አንድ መዝገብ ይቀበራልና። በሐኪምነትና በጥብቅና ሙያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የሙያችሁን ዘካ በዚህ በኩል አውጡ።

ከመንግሥት የሚፈለገውም ግልጽ ነው። የማዕድን ኩባንያዎችና መድን ሰጪዎች የሚያዋጡበት፣ አሠሪውም ዋሱም ላልተገኘ ሕመምተኛ የሚከፍል ፈንድ በሕግ ይቋቋም። ዘግይቶ ለሚወጣ በሽታ ይርጋው በሽታው በሐኪም ከተረጋገጠበት ቀን እንደሚቆጠር በግልጽ ይጻፍ። ማዕድን ሲሸጥ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝርና የመድን ውሉ አብረው ይተላለፉ። ወርቁን በግራም መዝኖ የሚረከብ አገር የቆፋሪውን ስም መዝግቦ መያዝ አያቅተውም።

በዋሻው ታሪክ ያ አሠሪ መንጋውን ሲያረባ የሚያየው ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ተመልሶ እንደሚመጣም አያውቅም ነበር። የጠበቀው አላህን ፈርቶ ነው። የዱንያ መዝገብ ሊቃጠል፣ ሊሰረቅ፣ በአዋጅ ሊወረስ ይችላል። የአላህ መዝገብ ግን የቅንጣት ክብደት እንኳ አይዘነጋም፤ የአቧራም ቅንጣት ቢሆን።

አላህ ደረታቸው ለጠበበባቸው ወንድሞቻችን ሺፋ ይስጣቸው። ሐቃቸው በእጃችን ያለውን ሳንሞት የምንመልስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።